የነርሲንግ ሆም በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ

በአሜሪካ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎች ከአሥሩ የስድስቱን ያህል ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥትና ግዛቶች በጋራ የሚከፍሉለት፣ አቅም ለሌላቸው የተዘረጋው የሕክምና ድጎማ። አንድ አልጋ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ በሚያስወጣበት አገር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው እንኳ ጥሪቱን አሟጦ የሜዲኬይድ ጠባቂ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ መንግሥት ኪሱን ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል፦ እኚህ ሰው በእርግጥ ነርሲንግ ሆም ያስፈልጋቸዋል ወይ?

ጥያቄው አጭር ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖሮ ግን ዛሬም ሁለት ግዛቶች አንድ ዓይነት መልስ ላይሰጡበት ይችላሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት የቅድመ ቅበላ ምዘና የሚባለው ሥራ ከመነሻው ሁለት ጌታ ያለው መሆኑ ነው። የበጀት ኃላፊው ወጪ እንዲገታለት ይፈልገዋል። ለአረጋውያን መብት የሚሟገተው ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ መኖር እየቻለ ወደ ተቋም እንዳይወሰድ እንዲከላከልለት ይጠብቅበታል። ሁለቱ ዓላማዎች አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከድሆች መጠለያ እስከ ሜዲኬይድ

እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ለችግረኛ አረጋውያን የገንዘብ እርዳታ ሲፈቅድ፣ በመንግሥት መጠለያ ውስጥ ለሚኖሩ ከለከለ። የታሰበው ስማቸው የከፋውን የድሆች መጠለያዎች ቀስ በቀስ ማዘጋት ነበር። አረጋውያኑ ግን እርዳታቸውን ይዘው ወደ ግል ማደሪያ ቤቶች ገቡ፤ ማደሪያ ቤቶቹም ነርስ እየቀጠሩ ነርሲንግ ሆም እየሆኑ ሄዱ። አንድን ተቋም ለመዝጋት የወጣ ሕግ ሌላ ተቋም ወለደ ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ደጋግሞ ይከሰታል።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 30 ቀን 1965 በሚዙሪ ግዛት ኢንዲፔንደንስ ከተማ፣ ሃሪ ትሩማን ባሉበት የፈረሙት ሕግ ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን አቋቋመ። በሜዲኬይድ ሥርዓት የነርሲንግ ሆም እንክብካቤ ግዛቶች የግድ መሸፈን ያለባቸው አገልግሎት ሆነ። ሰውን ቤቱ እያለ የማጠብ፣ የማልበስና የማብላት አገልግሎት ግን በአብዛኛው ለግዛቶች ምርጫ ተተወ። ይህ አንድ ልዩነት የቀጣዩን ግማሽ ምዕተ ዓመት ክርክር ቀርጾታል፤ አልጋው መብት፣ የቤት እርዳታው ግን እንደ ግዛቱ ፈቃድ ነው።

በ1970ዎቹ የሜዲኬይድ ወጪ ሲያሻቅብ ዓይኖች ሁሉ ወደ ነርሲንግ ሆም ዞሩ። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኅዳር 1979 ባወጣው ሪፖርት፣ ሜዲኬይድ ራሱ ሰዎችን ወደ ነርሲንግ ሆም የሚገፋ አሠራር እንዳለው፣ ቤታቸው ሊረዱ የሚችሉ አረጋውያንም ሌላ አማራጭ በማጣት እንደሚገቡ አስረዳ፤ ከመግባታቸው በፊትም በሚገባ እንዲመዘኑ መከረ። ቨርጂኒያ ቀድማለች፤ ከ1977 ጀምሮ የአካባቢው ጤና ቢሮ ነርስና ሐኪም ከሶሻል ወርከር ጋር ሆነው አመልካቹን የሚያዩበት አሠራር ዘርግታ ነበር። ሚኒሶታ በ1980 ተከተለች፤ እሷ ግን ከምዘናው ጎን ቤታቸው ለሚቆዩት የሚሆን ገንዘብ መደበች። ጥቃቅን የሚመስለው ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንድን ሰው “ነርሲንግ ሆም አያስፈልግህም” ብሎ ማሰናበትና “ነርሲንግ ሆም አያስፈልግህም፤ ይልቅ ጠዋት ጠዋት የምትረዳህ ሴት እንልክልሃለን” ማለት በአንድ ቅጽ ላይ የሚሞሉ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው።

በ1981 ኮንግረስ ዌቨር የሚባለውን መንገድ ከፈተ። ግዛቶች ፈቃድ እየጠየቁ የሜዲኬይድን ገንዘብ ለቤት ውስጥ እንክብካቤ ማዋል ቻሉ፤ ሆኖም አገልግሎቱን የሚያገኘው ሰው ነርሲንግ ሆም የሚያስገባ ችግር ያለበት መሆን አለበት ተባለ። ከዚያ ወዲህ አንዱ መለኪያ ሁለት በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ግዛቱ መለኪያውን ሲያጠብቀው የሚቀረው አልጋው ብቻ አይደለም፤ አልጋውን ሊተካ የነበረው የቤት እርዳታም አብሮ ይቀራል።

ሦስት ወንፊቶች

በቤተሰብ ውይይት ላይ “ስክሪኒንግ” የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ።

የመጀመሪያው የገንዘብ ማጣሪያ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች አመልካቹ እጁ ላይ ሊኖረው የሚፈቀደው ጥሪት 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ካመለከተበት ጊዜ ወደኋላ 60 ወር ተቆጥሮ ለልጅ ወይም ለዘመድ የሰጠው ገንዘብ ወይም ንብረት ካለ ይመረመራል። የትዳር ጓደኛ ቤት ውስጥ ባዶ እጇን እንዳትቀር የሚጠብቁ ደንቦች በ1988 ተጨምረዋል። ከ1993 ወዲህ ደግሞ ግዛቶች ሰውየው ካረፈ በኋላ ከውርሱ ላይ ያወጡትን እንዲያስመልሱ ይገደዳሉ። ይህ ሁሉ ስለ ሀብት እንጂ ስለ ጤና አይጠይቅም።

ሁለተኛው የእንክብካቤ ደረጃ ምዘና ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው። መሠረቱ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1963 ያሳተሙት መለኪያ ነው፤ ሰውየው ራሱ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሣት፣ ሽንትና ሰገራውን መቆጣጠር፣ መብላት ይችላል ወይ? ካትዝ መለኪያውን የሠራው የሕሙማንን ማገገም ለመከታተል እንጂ የማን ወጪ ይሸፈን የሚለውን ለመወሰን አልነበረም።

ሦስተኛው ደግሞ በምኅጻሩ ፓሰር የሚባለው ነው። ብዙ ግዛቶች የአእምሮ ሆስፒታሎቻቸውን ሲያጎድሉ ታማሚዎቹ ወደ ነርሲንግ ሆም ጎርፈው ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለአእምሮ ሆስፒታል ሲነፍግ ለነርሲንግ ሆም ግን ይጋራ ስለነበር ስሌቱ ግልጽ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ1986 የነርሲንግ ሆሞችን ይዞታ የተቸበትን ሪፖርት ካወጣ በኋላ በታኅሣሥ 1987 የጸደቀው የማሻሻያ ሕግ፣ ከጥር 1989 ጀምሮ የሜዲኬይድ ዕውቅና ያለው ነርሲንግ ሆም የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ከኪሱ የሚከፍለው ሳይቀር፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት እንዳለበት እንዲታይ አዘዘ። ምልክት ከተገኘ ሁለተኛ ደረጃ ምርመራ ይከተላል። የመርሳት በሽታ ዋናው ሕመሙ የሆነ ሰው በአእምሮ ሕመሙ በኩል አይካተትም። ከሆስፒታል ወጥቶ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ይቆያል ብሎ ሐኪም የመሰከረለትም በቀጥታ ይገባል። የነዋሪዎች ዓመታዊ ምርመራ በ1996 ቀርቶ፣ ሁኔታው ጉልህ ለውጥ ሲያሳይ ብቻ እንዲደረግ ተወሰነ።

የሦስቱ መደባለቅ ተራ የአጠራር ችግር አይደለም። ከኪሱ እየከፈለ የሚገባ ሰው ፓሰርን ያልፋል፤ የእንክብካቤ ደረጃው ግን በብዙ ቦታ አይመዘንም። ገንዘቡ ሲያልቅ ለሜዲኬይድ ያመለክታል፤ በዚያን ጊዜ ቤቱ ተሸጧል፣ ዕቃው ተበትኗል፣ “ቤትዎ ይቆዩ” የሚባልበት ቤት የለም። ቨርጂኒያ ከገቡ በስድስት ወር ውስጥ ሜዲኬይድ ሊያስፈልጋቸው የሚችሉትን አስቀድማ ለመመዘን ሞክራለች። ሚኒሶታ ደግሞ ከፋዩ ማንም ይሁን ማን ሁሉም እንዲመዘን አድርጋለች። የሚኒሶታው አካሄድ ወጪው ቢበዛም አመክንዮው የጸና ነው፤ ምክር የሚጠቅመው ምርጫ ሳለ ነውና።

ገንዘብ አዳነ ወይ?

ለምዘናው ከተሰጡት ተስፋዎች በጥብቅ የተፈተነው ገንዘብ ያድናል የሚለው ነው። ከ1980 እስከ 1985 በአሥር ቦታዎች የተካሄደው ቻነሊንግ የተባለ ብሔራዊ ሙከራ ከ6,000 በላይ አቅመ ደካማ አረጋውያንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ተመዝኖ፣ ጉዳዩን የሚከታተልለት ባለሙያና የቤት እርዳታ ተመደበለት፤ ሌላኛው በነበረው አገልግሎት ቀጠለ። ሐሳቡ ለቤት እርዳታ የወጣው ገንዘብ ከነርሲንግ ሆም በሚቀረው ይካካሳል የሚል ነበር።

አልተካካሰም፤ ጠቅላላ ወጪው እንዲያውም ጨመረ። የተገመገሙት ሰዎች በእርግጥ ደካሞች ነበሩ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ እርዳታው ባይሰጣቸውም ነርሲንግ ሆም አይገቡም ነበር። ያልገባ ሰው ደግሞ ከመግባት አይድንም። ተመራማሪው ዊልያም ዋይሰርት በዚያው ዘመን ይህን ችግር ደጋግሞ አንስቶታል፤ ድካምን መለካት አንድ ነገር ነው፣ ማን በሩን ሊያንኳኳ እንደሆነ መተንበይ ግን ሌላ ነው። ሚስት ያለችው፣ ልጁ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ራሱን ችሎ መልበስ የማይችል ሰው ዓመታት ቤቱ ይቆያል። ብቻውን የሚኖር፣ ከሱ በብዙ የተሻለ ሰው አንድ ጊዜ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር ነርሲንግ ሆም ይገባል። ቅጹ ጉልበትን በደንብ ይለካል፤ ጎረቤትን፣ ደረጃን፣ ምራትን አይለካም።

በሌላ በኩል ቻነሊንግ ከገንዘቡ ውጭ ያሳየው መልካም ነገር ነበር። እርዳታ ያገኙት አረጋውያን ያልተሟላ ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ እነሱም ሆኑ የሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች በኑሯቸው ይበልጥ ረኩ። ይህን ውጤት “ከሸፈ” ብሎ ማንበብም “ተሳካ” ብሎ ማንበብም ይቻላል፤ የሚወስነው ምዘናው ለማን ተብሎ ነው የሚደረገው የሚለው ነው። የበጀት ሰዎች የመጀመሪያውን ንባብ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የወጡ ደንቦች አብዛኛውን ጊዜ ወንፊቱን ወደማጥበብ አዘነበሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓይነት ማስረጃ መጥቷል። ቪንሰንት ሞርና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከሚቆዩት መካከል እንደ አተረጓጎሙ ከ5 እስከ 12 በመቶ የሚሆኑት አነስተኛ እንክብካቤ ብቻ የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ኬሊ ቶማስ ከሞር ጋር በ2013 ያሳተመችው ጥናት ደግሞ ቤት ለቤት ምግብ ለማድረስ ብዙ ወጪ ባወጡ ግዛቶች እንዲህ ያሉ ነዋሪዎች ቁጥር አነስተኛ መሆኑን አሳየች፤ ለእያንዳንዱ አረጋዊ በዓመት 25 ዶላር ሲጨመር ድርሻቸው በአንድ ነጥብ ያህል ይወርዳል። የግዛቶች ንጽጽር ስለሆነ አንዱ የሌላው መንሥኤ ነው ለማለት አያስደፍርም። ቢሆንም ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል፦ በሩ ላይ ካለው መጠይቅ ይልቅ ከበሩ ውጭ ያለው ትኩስ ምሳ ይበልጥ ሳይወስን አይቀርም።

መስመሩ የሚሰመርበት ቦታ

የፌዴራሉ መንግሥት ነርሲንግ ሆም የሚያስገባው ድካም ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር አልደነገገም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ያወጣል። ኦሬጎን አመልካቾችን በ18 ደረጃዎች ትከፍላለች፤ በ2003 በጀት ሲጠብባት የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ቆርጣ ጣለች። የተቆረጡት ሰዎች ሰኞ ከነበሩበት ማክሰኞ አልተሻሉም፤ የተንቀሳቀሰው መስመሩ ነው።

ቴነሲ ያደረገችው ይበልጥ ያከራክራል። ከሐምሌ 2012 ጀምሮ ነርሲንግ ሆም ለመግባት ከ26 ነጥብ ቢያንስ 9 ማግኘት ግድ ሆነ። ከዚያ በታች የሆኑት ግን እንዲሁ አልተጣሉም፤ አደጋ ላይ ናቸው የተባሉት በዓመት እስከ 15,000 ዶላር የሚደርስ የቤት አገልግሎት እንዲያገኙ ሦስተኛ ምድብ ተከፈተላቸው። ደጋፊዎች መለኪያዎቹ እንዲህ ሊነጣጠሉ እንደሚገባ ይሞግታሉ፤ ለአልጋው ጥብቅ፣ ለቤት እርዳታው ለቀቅ ያለ። ተቺዎች ደግሞ ስምንት ነጥብ ያላት፣ የመርሳት በሽታ የያዛት፣ ሰውነቷ ግን ጠንካራ የሆነች ሴት በዚያ ገንዘብ ሌሊቱን ማን ይጠብቃታል ይላሉ። የተቺዎቹ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስለ መታጠብና ስለ መልበስ የሚጠይቅ ቅጽ እጇ የሚሠራላትን፣ ምድጃውን ለኩሳ የምትረሳዋን ሴት ሁኔታ በሚገባ አይይዝም።

ሕጋዊው ሚዛን የተለወጠው በሰኔ 1999 ነው። በኦልምስቴድ ጉዳይ፣ ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን የተባሉ ሁለት የጆርጂያ ሴቶች ባቀረቡት ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ሰውን በተቋም አግልሎ ማኖር አድልዎ ነው ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ምዘናው ሰውየው ለተቋም ብቁ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ከተቋም ውጭ መኖር መቻሉንም እንዲጠይቅ ግፊት በዛ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች መደበኛ ቅጽ ራሱ፣ ወደ ኅብረተሰቡ ስለ መመለስ ከአንድ ሰው ጋር መነጋገር ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። በ2013 የበጀት ዓመት ሜዲኬይድ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ካወጣው ከግማሽ በላይ የሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቋም ውጭ ለሚሰጥ አገልግሎት ዋለ። ድርሻው ግን በአረጋውያንና በአካል ጉዳተኛ ወጣቶች መካከል እኩል አልተከፋፈለም፤ አረጋውያን አሁንም ወደ ተቋም ያዘነብላሉ።

የአልጋ ዳር ምዘና

ከቅጹ ይዘት ያልተናነሰ የሚወስነው የሚሞላበት ሰዓት ነው። ከ1983 ጀምሮ ሜዲኬር ለሆስፒታሎች በቀን ሳይሆን በሕመሙ ዓይነት ስለሚከፍል፣ የዳነ ሕመምተኛ በቶሎ ቢወጣ ለሆስፒታሉ ይበጀዋል። ስለዚህ ብዙ ምዘናዎች የሚካሄዱት ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰውየው በደከመበት ሳምንት፣ አልጋው በሚፈለግበት ጠዋት ነው። የዌቨር አገልግሎት እስኪመቻች ሳምንታት ሲወስድ ነርሲንግ ሆም ከሰዓት በኋላ ይቀበላል። ፓሰርም እዚህ ይጨናነቃል፤ ደንቡ ሁለተኛው ምርመራ በዓመት አማካይ ከ7 እስከ 9 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይላል፣ የሆስፒታል አስወጪዎች ግን ያን ያህል አይጠብቁም። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲነሣ ምርመራው ለ30 ቀን እንዲዘገይ ተፈቅዶ ነበር።

ቨርጂኒያ የቅድመ ቅበላ ምዘና ፈር ቀዳጅ ብቻ ሳትሆን፣ በአሌግዛንድሪያና በአካባቢው ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች የአንዱ መኖሪያም ናት። እዚህ ምዘናው የራሱ እንቅፋት ይገጥመዋል። መዛኟ “ራስዎን ይታጠባሉ?” ብላ ስትጠይቅ እናት “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ሆኜ!” ይላሉ፤ ገላቸውን የምታጥባቸው ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ። በእንግዳ ፊት ድካምን መዘርዘር ነውር ነው፤ ልጅም እናቷን በአደባባይ አታስተባብልም። ቅጹ ላይ “ራሷን የቻለች” ተብሎ ይሰፍራል። ልጇ ራሷ አስተርጓሚ ስትሆን ደግሞ ስለ ሽንትና ሰገራ የሚጠየቀው ጥያቄ ለስልሶ ነው የሚተረጎመው። የፓሰር ደንብ ምርመራው ከተመርማሪው ባህልና ቋንቋ ጋር እንዲጣጣም በግልጽ ያዝዛል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ማቅረብ ግን የይሉኝታን ችግር አይፈታም፤ “ይችላሉ?” ከማለት ይልቅ “ትናንት ማን አጠበዎት?” ብሎ የሚጠይቅ መዛኝ ይጠይቃል።

ለብዙዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ሌላ በር አለ። በ1996 የወጣው ሕግ አብዛኞቹ ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲጠብቁ አድርጓል። ቨርጂኒያ እስከ ሚያዝያ 2021 በዚህ ላይ የአሥር ዓመት የሥራ መዝገብ ትጠይቅ ነበር። በልጆቻቸው ስፖንሰርነት በሰባ ዓመታቸው የመጡ ወላጆች ያን መዝገብ ከየት ያመጡታል? የእነሱ ድካም ማንም ሳይለካው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ነርሷ ወይስ ቀመሩ?

የቅርቡ ክርክር ውሳኔውን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። አንዱ ወገን የነርስና የሶሻል ወርከር ዳኝነት ወጥነት የለውም ይላል፤ አንዷ ያለፈችው ሰው ሌላዋ ጋ ይወድቃል፣ የወደቀውም ምክንያቱን አያውቀውም። ሌላው ወገን ቁጥር የሰውን ኑሮ አይይዝም ባይ ነው። አርካንሳስ የሁለቱን ወገን ስጋት በአንድ ላይ አሳይታለች።

ግዛቲቱ በ2016 የቤት እርዳታ ሰዓትን በነርሶች ግምት መወሰን ትታ፣ በመጠይቁ መልሶች ላይ ተመሥርቶ ሰውን በምድብ ለሚከፋፍል የኮምፒውተር ቀመር ሰጠች። በሳምንት 56 ሰዓት ይረዱ የነበሩ ሰዎች ወደ 32 ዝቅ ሲሉ ታዩ። የመጣችው ነርስ መልሱን ከመሙላት በቀር ለምን እንደተቀነሰ ማስረዳት አልቻለችም። ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ጠበቆች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሲያደርሱት፣ የስኳር ሕመምና ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሰዎች በፕሮግራሙ አተገባበር ላይ በነበረ ስሕተት በትክክል እንዳልተቆጠሩላቸው ታወቀ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 የታችኛውን ፍርድ ቤት እግድ አጸና፤ በ2018 ደግሞ ደንቡ ሕዝብ በሚገባ ሳያውቀው ስለወጣ ውድቅ ተደረገ።

ቀመሩን የነደፉት ተመራማሪዎች መሣሪያው በብዙ አገር የተፈተነ መሆኑን ጠቅሰው ተከራክረዋል፤ እውነትም ነው። እነሱ የሠሩት ሰዎችን እንደ ችግራቸው ክብደት የሚያሰልፍ መሣሪያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምድብ ስንት ሰዓት ይበቃል የሚለው ግን የበጀት ውሳኔ ነው፣ ያንን ቀመር አያወጣውም። አርካንሳስ ከ2019 ጀምሮ በሌላ ኩባንያ የተዘጋጀ አዲስ የምዘና ሥርዓት ሥራ ላይ አውላለች፤ በሱም ሰዎች በምድብ ይከፈላሉ።